ጀጎል ውስጥ ላሳደሩን እናት ምስጋና፣ ሻወር ለምትፈልጉ ደግሞ ማሳሰቢያ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በጥንታዊ የሐረሪ ቤታቸው ቤተሰቤን ላስተናገዱ አንዲት እናትና አብረዋቸው ለሚሠሩ ሁለት ሰዎች ምስጋናዬን ለማድረስ ነው። በዚያውም ክረምቱን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሐረር ለመውጣት ላሰባችሁ ጥቆማ ይሁናችሁ። ስማቸውን አልጽፍም። «ፌስቡክ ላይ ስሜን እንዳላይ» ብለው እየሳቁ አስጠንቅቀውኛል፤ ቀልድ እንዳይመስለኝ ደግሞ በር ላይ ስንሰናበት ሳይስቁ ደገሙልኝ።

እኛ የድሬ ሰዎች ነን። ሐረር ለኛ ጎረቤት ናት፤ ሙቀቱ ሲብስብን ደንገጎን ወጥተን፣ አወዳይ ላይ በጫት ገበያው ተጨናንቀን፣ ሐረር ምሳ በልተን፣ ቡና ገዝተን፣ ማታ ቤታችን እንገባለን። ለሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ማን አልጋ ይይዛል? ስለዚህ ያን ሁሉ ዘመን ስንመላለስ ግንቡ ውስጥ አድረን አናውቅም። ዘንድሮ ትምህርት ሊዘጋ ሲል አማቴ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጡ። ድሬ በሰኔ ምን እንደምትሆን ለምታውቁ መንገር አያስፈልግም። ቬንትሌተሩ ፊት ተቀምጠው «ይሄ ደግሞ የምድጃ ንፋስ ነው የሚያመጣው» ማለት ሲጀምሩ፣ ባለቤቴ ነገሩ ወደ እኔና ወደ ቤት አያያዜ ሳይዞር «ሐረር እንውጣ» አለ።

አልጋ ይዘን ነበር። ከግንቡ ውጭ፣ አዲስ ሆቴል፣ ሻወሩም ዋይፋዩም ያለው። ስንደርስ ክፍላችን ለስብሰባ ለመጡ ሰዎች ተሰጥቷል። ማን እንደሆኑ አላነሳም፣ ይቅርታም ጠይቀውናል፤ ግን ይቅርታ ላይ አይታደርም። ልጆቹ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ ሻንጣና ፌስታል ይዘን ፈረስ መጋላ ላይ ቆመን ስንመካከር፣ ባጅ ያንጠለጠለ አንድ አስጎብኚ ልጅ ቀርቦ «ሻወር ካልፈለጋችሁ ጥሩ ቤት አውቃለሁ» አለን። ዕቃውን ከጉድለቱ ጀምሮ የሚያስተዋውቅ ሰው አይቼ አላውቅም። አማቴ «ይሄስ አይዋሽም» አሉና ተከተልነው።

መኪናውን አቁመን በእግር ሄድን፤ በአብዛኛው የጀጎል መንገድ ከእግርና ከአህያ ሌላ አያልፍም። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ግራና ቀኝ የልብስ ስፌት መኪናቸውን በሚያንጫጩት ሰፊዎች መሃል አልፈን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ገባን። ሻንጣው ግድግዳውን እየፋቀ። ከዚያ አንድ የእንጨት በር፣ ከበሩ በስተኋላ ደግሞ ከውጭ ሆናችሁ የማትጠረጥሩት ሰፊ ግቢ።

የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። ዋናው ቤት አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። ወንበርና ሶፋ የለውም፤ ወለሉ ራሱ ከፍ ዝቅ እያለ ነደባ የሚባል መቀመጫ ሆኖ ተሠርቷል፣ ምንጣፍና ትራስ ተደርጎበታል። ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የአባወራው አሚር ነደባ ይባላል፤ ከዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ ያያል። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። ወለሉና የነደባው ጠርዝ ቀይ ነው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ ሲሸነፍ የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ይባላል። ይህንን እናትየዋ ለልጆቼ ሲያጫውቷቸው ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉ፤ የቤታቸውን ነገር እንደሚናገር ሰው ነው የነገሯቸው። ትልቁ ልጄ በታሪክ ትምህርት ያን ሁሉ ገጽ ሸምድዶ ያልጠየቀውን ጥያቄ እዚያ ወለል ላይ ተቀምጦ ጠየቀ።

ከስፌቶቹ መካከል ሙሽራዋ ለባሏ እናት ሠርታ የምትሰጠው አለ። እሱ ሲነገር አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። እኔም ወደ ጣሪያው አየሁ።

እኚህን ሴት ማመስገን የጀመርኩት ግን ገና ጫማ ስናወልቅ ነው። ነደባው ከፍ ያለ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ቀላል አይደለም። አማቴ ደግሞ «ያመኛል» ከማለት ሞትን የሚመርጡ ዓይነት ናቸው። ጫማቸውን ለማውለቅ ግድግዳ ሲይዙ ሴትየዋ አንድ ጊዜ አዩአቸው፤ ምንም አላሉም። ወደ ጓዳ ገብተው በርጩማ ይዘው መጡና ነደባው ሥር አስጠጉ፣ በላዩ የታጠፈ ጨርቅ ጣል አደረጉበት፣ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «ነይ እህቴ፣ አሚሩ ላይ ውጪ» አሏቸው። ማታ ስንመጣ ደግሞ የሳቸው ፍራሽ ከሁሉም ዝቅ ባለው ቦታ፣ ለመነሳት የሚይዙት ነገር ባለበት በኩል ተነጥፎ አገኘነው። ማንም አላዘዘም።

አሁን ወደ ሌለው ነገር ልምጣ፤ ሄዳችሁ እንዳትወቅሱኝ። ሻወር የለም። ከቧንቧ የሚወርድ ሙቅ ውሃ የለም። ክፍል ውስጥ ሽንት ቤት የለም፣ ግቢውን ተሻግሮ ነው። ቲቪ የለም፣ ፍሪጅ የለም፣ ዋይፋይ የለም። ሶኬት አንድ ነው፤ ኤክስቴንሽን ተሰክቶበት የሁላችንም ስልክ ተራ ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም፣ ባትሪና ሻማ አለ።

ለምን እንደሌለ ደግሞ ባለቤቴ ጠየቃቸው፤ ሰውዬው ሥራው ግንባታ ስለሆነ ግድግዳ ሲያይ አያስችለውም። ሳቁበት። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ክንድ ሙሉ ይወፍራል፤ ቱቦ ላሳልፍ ብትል ከየት ይጀመራል? ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ባለቤት ነኝ ተብሎ እንደፈለጉ ማፍረስና መቀጠል የለም። ሻወር ይግባ ቢባል እንኳ የሚበቃው ቦታ አንድ ነው፤ ከአዳራሹ ጎን ያለችው ኪርታት የምትባለው ትንሿ ክፍል። በድሮው ሥርዓት ሙሽሮች የሚሰነብቱባት ናት። «እሷ ውስጥ ሽንት ቤት ላስገባ?» አሉት። ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ስለ ግንባታ አልተናገረም።

የውሃው ነገር ግን ራሱን የቻለ ነው፣ ሁለተኛዋ የማመሰግናት ሰውም እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። ሐረር ውሃ በወረፋ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድሮ ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር፤ ሐይቁ ሲደርቅ ውሃው ከኛው ከድሬዳዋ በኩል፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓድ እየተገፋ ያን ሁሉ ዳገት እንዲወጣ ተደረገ። ባለቤቴ «እንግዲህ የምንታጠበው የራሳችንን ውሃ ነው» ብሎ ቀለደ፤ እናትየዋም «እኛ አቀዝቅዘን መለስንላችሁ» አሉት። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ያን ውሃ ከበርሜል ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ድስት፣ ከድስት ወደ ባልዲ የምታደርሰው ግን አንዲት ልጅ ናት። በዕድሜ ከእኔ ልጅ ብዙም አትበልጥም። ማታ ትማራለች፣ ቀን እዚያ ትሠራለች።

ጎህ ሳይቀድ ከሰሉን ታያይዛለች። እኛ ስንነሳ ውሃው ፈልቶ ይጠብቃል። መታጠቢያው ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከለለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቦታ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። በባልዲው ቀዝቃዛውን አስቀድማ ታደርጋለች፣ ከዚያ ፍሉን እየጨመረች በእጅ አንጓዋ ትለካለች። እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ጆግ አለ፤ በሱ ነው የምትቀዱት። ለአማቴ ግን የፕላስቲክ ወንበር አስገባችላቸው፤ ወንበሩ እንዳይቀዘቅዛቸው ደግሞ የፈላ ውሃ ደፋችበትና በፎጣ አደረቀችው። ከዚያ በሩ ጀርባ ቆማ «እማማ፣ ልጨምር?» ትላለች። አማቴ አዲስ አበባ ቤታቸው ቦይለር አላቸው፤ ውሃው ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎ ይቃጠላል እያሉ ሲያማርሩት ነው የኖሩት። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ሲወጡ ፊታቸው በርቶ «እንዲህ ታጥቤ አላውቅም» አሉ። ምራት ነኝና ብዙ አልልም፤ ከሳቸው አፍ ምስጋና ማውጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የቤታችን ሰው ያውቃል።

ሴት ልጄ ፀጉሯን ልትታጠብ ስትል ሁለት ባልዲ ፈለገች። ከመለመኗ በፊት ሁለተኛው ቀረበ። ቆይቶ ግን ራሷ ማን ያንን እንደተሸከመው አይታ ኖሮ፣ በማግስቱ ጀሪካኑን በአንድ በኩል ይዛ አየኋት። አቦ፣ ቤት ውስጥ ብርጭቆ አንሺ ስትባል የምታኮርፍ ልጅ!

ስለ ምግብ። ቁርስ ከአልጋው ጋር ነው፣ እራት ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ትናገራላችሁ። እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፤ የሥጋው ነገር አማቴን ከመንገድ ጀምሮ እንዳሳሰባቸው ሲንሾካሾኩብኝ አውቄያለሁ። ለማን እንዴት ብዬ እንደማነሳው እያሰብኩ ሳለ ሴትየዋ ራሳቸው «ሥጋ አልሠራላችሁም፤ ሁላችንም አንድ ላይ የምንበላውን ነው የማቀርበው» አሉ። አለቀ። ቀጥለው «የሰኔ ጾም ገብቷል አይደል? ማነው የሚጾመው?» ብለው ጠየቁ። ለአማቴ እንቁላል የሌለው ፈቲራ በማር፣ ፉሉም በዘይት ብቻ። ለእኛ ሆጃ፣ ማለትም ከወተት ጋር የተፈላ የቡና ገለባ፣ ሲመጣ ለሳቸው የቡና ገለባው ብቻውን ተፈልቶ፣ በሌላ ጀበና። ሌላ ጀበና መሆኑን ልብ በሉ። ሆጃውን ልጆቼ በመጀመሪያው ጉንጭ ፊታቸውን አኮማተሩ፤ ጨው አለበት። ከዚያ ግን ትንሹ ሁለተኛ ጠየቀ።

ሌሊቱ። ከፈላና በር ውጭ ስላለው የጅብ ምገባ ሁሉም ሰው ጽፏል፣ እኛም ልጆቹን ወስደን አሳይተናል፣ ሥጋውን በእንጨት ይዘው በአፍ ሲያቀብሉ አይተናል፤ አልደግመውም። ያልተጻፈው በኋላ የሚሆነው ነው። ጅቦቹ ትርኢታቸውን ጨርሰው ወደ ጫካ የሚሄዱ እንዳይመስላችሁ። ግንቡ ሥር ለጅቦቹ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ አለ፤ ሲመሽ በዚያ ገብተው መተላለፊያውን ይዞራሉ፣ የወደቀ አጥንት ይለቅማሉ። እኛ ፍራሻችን ላይ ተኝተን ከግድግዳው ማዶ ሰማናቸው። ያ ክንድ ሙሉ ግድግዳ ያን ጊዜ ጥቅሙ ገባኝ።

ታዲያ ትንሹ ልጄ በዚያ ሰዓት ሽንቱ መጣ።

ሦስተኛው የማመሰግናቸው ሰው የግቢው ጠባቂ ናቸው፤ ልጆቹ አባባ ነው ያሏቸው። በሩ ሥር ካለው መደባቸው ተነሥተው ባትሪ ይዘው መጡ። ግቢው እንደተቆለፈ፣ ጅብ ከዚያ በር ገብቶ እንደማያውቅ በርጋታ ነገሩት። ደግሞ እዚህ አገር ጅብ ጅን ይበላል እንደሚባል፣ ስለዚህ የሚፈራው ጅኑ እንጂ ሰው እንዳልሆነ ጨመሩለት። ሽንት ቤቱ ድረስ አደረሱት፣ ባትሪውን ሰጡት፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙና ዝቅ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ውስጥ ሆኖ እንዳሉ እንዲያውቅ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። በኋላ ለአማቴም፣ ለሴት ልጄም እንደዚያው አደረጉ። ለባለቤቴ ጊዜ ግን አላንጎራጎሩም፤ «እሱ ትልቅ ነው» አሉ።

ልጆቹ ስልካቸውን ጥለው ሌሊቱን ተረት ሲሰሙ አደሩ ብዬ አልዋሽም። ትልቁ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢውን ሲዞር ቆይቶ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ በሚወስደው ደረጃ አጋማሽ ላይ አገኘና እዚያው ተሰካ። ተረቱን ያዳመጥነው እኔና አማቴ ነን፤ ሴትየዋ ስለ ሠርጋቸው አጫወቱን። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ቅር ያለኝን ሳልናገር ብተው ጥቆማዬ ምኑን ይታመናል? ማታ ዝናብ መጣ፤ የላይኛው ክፍል ጣሪያ አንድ ቦታ ላይ ያንጠባጥባል፣ ሳፋ ተደርጎበት ነው ያደርነው። ሴትየዋም ሠራተኛ እንደጠሩ ነገሩን፣ ይጠገናል ብዬ አምናለሁ። የሽንት ቤቱ አምፖል ይርገበገባል። ሽንት ቤቱ መቀመጫ የለውም፣ የወለል ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይሄ ከሁሉም የከበደው ነገር ነበር፣ አማቴም በኔ ትከሻ ነው የተረዱት። እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ሰዎች ደግሞ አስቡበት፤ ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ፣ የንጋት አዛን ከየአቅጣጫው እየተቀባበለ ነው የሚመጣው፣ እሁድ ከሆነ የመድኃኔዓለም ቅዳሴም ይጨመርበታል። እኔን ደስ አለኝ። ባለቤቴ ትራስ ጆሮው ላይ አደረገ።

ስለዚህ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ካላችሁ፣ ወይም ማታ በላፕቶፕ የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም ለጫጉላ ብቻችሁን መሆን የምትፈልጉ ከሆነ ይሄ ቤት የናንተ አይደለም። ግንብ ውጭ ያሉት ሆቴሎች ይሻሏችኋል፤ መሄዳችሁን በስልክ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ እንጂ። ከልጅ፣ ከአያት፣ ከዘመድ ጋር ሰብሰብ ብላችሁ ለምትሄዱ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ዋጋውን አልጽፍም፣ ይለዋወጣል። የምነግራችሁ፣ ለስድስታችንም ቁርስን ጨምሮ የከፈልነው ድሬ ላይ ደህና ሆቴል ለሁለት ክፍል ከሚጠይቀው ያንሳል። እባካችሁ አትከራከሯቸው። ዩኔስኮ መዘገበው ሲባል ብዙ ሰው ለባለቤቱ ገንዘብ የሚወርድለት ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን ግድግዳውን በየጊዜው የሚያስለስኑት፣ ኖራውን የሚያስቀቡት፣ የልጅቷንና የአባባን ደመወዝ የሚከፍሉት ከዚያችው ከአልጋ ገንዘብ ነው። ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ ለልጅቷ በእጇ ስጧት፤ እሷ አትጠይቅም፣ ባልዲውን አስቀምጣ ትሄዳለች።

የድሬ ሰው ከሆናችሁ ሹራብ ሳትይዙ እንዳትወጡ፤ ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ የሰኔ ማታዋ ቀልድ አያውቅም። ሻንጣችሁ ጎማ ያለው ቢሆንም ኮረኮንቹ ላይ አይሄድም፣ በትከሻ የሚያዝ ይሻላል። ፓወር ባንክና የእጅ ባትሪ ያዙ። ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፣ መጠጥ ይዞ መግባት የለም። ከአምስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ፍራሽ እንዲዘጋጅ ከአንድ ቀን በፊት ይነገራቸው። ውሃም ቀድመው ያስቀዳሉ።

ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ አልችልም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በፊት ባትደውሉ ይመረጣል፣ ጁምዓ ነው።